የብስክሌት ጂፒኤስ በፒያሳ ዳገት

ለመንገድ ብስክሌት የሚሆን ጂፒኤስ ሲመረጥ ቀድሞ የሚታየው ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካ ባሮሜትር መኖሩ ነው። በሳተላይት ብቻ የሚሰላ ከፍታ ይዋዥቃል፤ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሀር ወርዶ ወደ ፒያሳ ለሚመለስ ሰው ደግሞ ዋናው ጉዳይ ዳገቱ ነው። ባሮሜትሩም ቢሆን የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ ይሳሳታልና ከመነሻው ላይ ማስተካከል ይገባል።

ካርታውም መታደስ አለበት። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ፈርሷል፤ ያልታደሰ ካርታ ግን ዛሬም በሌለ ቅያስ ይመራል።

መሣሪያው ከመሪው ፊት ለፊት፣ በብሎን በሚጠብቅ ማቀፊያ ቢታሰር ዓይንን ከመንገዱ አያርቅም። ኮብልስቶን ስለሚያንገጫግጭ መሣሪያውን ከመሪው ጋር የሚያስር የመጠባበቂያ ክር አይናቅ።

ባትሪውን በብዛት የሚጨርሰው የስክሪኑ ብርሃን ነው። ለረጅም ጉዞ ፓወር ባንክ ይበቃል፤ በክረምት ዝናብ ግን የቻርጅ ቀዳዳው ተከድኖ ይቆይ።