የገደሉ መንገድና የሜዳው መንገድ

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ስጓዝ ከነጂው አጠገብ ተቀምጬ ነበርና፥ መንገድ በሰው ጠባይ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው በዓይኔ አየሁ።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ ስንጀምር ነጂው ዝም አለ። እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1400 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ነው፤ መንገዱም እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ነጂው ማርሹን ዝቅ አድርጎ፥ በየጠመዝማዛው ጥሩንባ እየነፋ፥ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ሳይቀድም በትዕግሥት ወረደ። ከመንገደኞቹ አንዳንዱ ያማትብ ነበር፤ እኔም ፈርቼ እንደ ነበር አልሸሽግም።

ከደጀን በኋላ ሜዳው በተዘረጋ ጊዜ ግን ያው ሰው ሌላ ሰው ሆነ። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነውና እግሩ ሳይታወቀው ነዳጁን ረገጠ፤ የፍጥነቱ መለኪያ 90 ላይ ደረሰ። በዚህ ፍጥነት መኪና በ1 ሴኮንድ 25 ሜትር ይሄዳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

በአንዲት መንደር ገበያ ቆሞ ነበር። የመንገዱ ዳር ጭቃ ስለ ሆነ ሰውም አህያውም በአስፋልቱ ላይ ይሄዳል፤ ለእግረኛ የተበጀ ስፍራ ከሌለ ወዴት ይሂድ? አንድ ብላቴና በግ ተከትሎ ድንገት ገባ። አውቶቡሱ ተንሸራቶ ሲቆም በመኪናውና በልጁ መካከል አንድ ክንድ እንኳ አልቀረም። በጉ ሞተ። ልጁ አላለቀሰም፤ ቆሞ ያየን ነበር።

ነጂው እጁ እየተንቀጠቀጠ የበጉን ዋጋ ከከፈለ በኋላ፥ «ወንድሜ፥ በገደሉ ያን ያህል ተጠንቅቀህ እዚህ ስለ ምን ቸኮልህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጌታዬ፥ ገደሉ ያስፈራኛል፤ ሜዳው ምን ብሎ ያስፈራኛል?» አለኝ።

አስቀድሜ በልቤ ፈርጄበት ነበር፤ ከዚህ መልስ በኋላ ግን ፍርዴን ከፈልሁት። በመንደሩ መግቢያ ቀስ በል የሚል ሰሌዳ ተተክሏል፤ መንገዱ ግን እንደ ሜዳው ሰፊና ቀጥ ያለ ሆኖ ሩጥ ይላል፤ ዓይንም ከሰሌዳው ይልቅ መንገዱን ያምናል። መሐንዲሱ በመግቢያው መንገዱን ቢያጠበው፥ አስቀድሞ የሚታይ ጉብታ ቢያበጅለት፥ በዳሩም የእግረኛ መሄጃ ቢጨምር፥ የነጂው እግር ሳይመከር በታዘዘ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንደ ተሠራው የፍጥነት መንገድ ዙሪያውን አጥሮ እግረኛን መለየት መልካም ነው፤ ነገር ግን ቤቱ ከመንገዱ ወዲህ፥ እርሻው ከመንገዱ ወዲያ የሆነውን ገበሬ በየስፍራው ማጠር አይቻልም።

በሳምንቱ ስመለስ ብላቴናውን ለማየት በመስኮቱ በኩል ተዘጋጅቼ ነበር። ነጂው ሌላ ሰው ነበረ፤ መንደሩን ሳልለየው አለፍን።