ቀለም፣ ጣዕም፣ ሽታ



አንደኛ ዓመት እያለሁ ዉዱእ ስናደርግ አንድ ወንድም ጥርሴን አየና ከኪሱ አዲስ መፋቂያ አውጥቶ ሰጠኝ። ስለ ሲዋክ ሱንናም በለሰለሰ አንደበት አስታወሰኝ። ጀዛከላህ ብዬ ተቀበልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠዋትና ማታ እንደምፍቅ አልነገርኩትም። የሐላባ ልጅ ነኝ፤ የጥርሴ ቡናማ ቀለም ከውስጥ የመጣ ስለሆነ በመፋቂያ አይለቅም።

ዘንድሮ በውሃ ማጣራት ኮርስ መምህራችን ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ «ፍሎራይድ በመጠጥ ውሃ ይጨመር ወይስ አይጨመር?» ብሎ አከራከረን። ለእኔ ቡድን የደረሰው «ይጨመር» የሚለው ነበር። ለማቅረብ ስነሳ እንደ ልማዴ አፌን በእጄ ከለል አደረግሁ። ከኋላ የሳቀ ነበር።

ለክርክሩ ሳነብ ነገሩ የጀመረው እንደ እኔ ካለ ጥርስ መሆኑን አወቅሁ። በ1901 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የገባው የጥርስ ሐኪም ማኬይ የነዋሪው ጥርስ በልዞ አገኘው። ይኸው የበለዘ ጥርስ ግን በቀላሉ እንደማይበሰብስ ታዘበ። ምክንያቱ በውሃው ያለ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931 ነው። በ1945 በሚሺጋን የምትገኘው ግራንድ ራፒድስ ከተማ ከሁሉ ቀድማ በውሃዋ ጨመረች። ዛሬ አሜሪካ የምትመክረው በሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው።

ተቃዋሚዎቹም ያለ ነገር አይጮሁም። በ2024 የአሜሪካ መንግሥት የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ያለው ውሃ ከልጆች አይኪው መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ «በመካከለኛ እርግጠኝነት» ደመደመ። በ2025 ዩታና ፍሎሪዳ መጨመሩን በሕግ ከለከሉ። የጥርስ ሳሙና ከተስፋፋ ወዲህ የመጨመሩ ጥቅም ማነሱም እውነት ነው። እኔ ግን 0.7 እና 1.5 አንድ አይደሉም ብዬ ተከራከርኩ፤ አምኜበት ነው።

ከወዲያኛው ቡድን አንዷ ተነስታ «የቤታችሁ ውሃ ስንት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ጉዞዬ አንድ ጠርሙስ ሞልቼ ወደ ላብራቶሪ አመጣሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም ጣሪያ ያደረገው 1.5 ነው፤ የእኛ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የሠራው አገር ነው፤ ፍሎራይዱ ከዓለቱ እየሟሟ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል። እኛ ጨማሪ አያስፈልገንም፤ ጭንቀታችን እንዴት እንደምናወጣው ነው።

መድረሳ ኡስታዛችን የውሃን ባብ ሲያቀሩን ቀለሙን፣ ጣዕሙንና ሽታውን እያልን በቃል ይዘናል። ፍሎራይድ ከሦስቱ አንዱንም አይለውጥም። (ባቡ ስለ ጦሃራ እንጂ ስለ ጤና አይደለምና ጥፋቱ የኪታቡ አይደለም።) እናቴም ውሃውን አሳምራ ታፈላለች። ለተቅማጥ ጥሩ ነው። ለፍሎራይድ ግን ውሃው ሲተን እሱ እዚያው ስለሚቀር ይባስ ይበዛል።

የሚያጣድፈኝ የታናሽ እህቴ ነገር ነው። ስድስት ዓመቷ ነው፤ የወተት ጥርሷን መጣል ጀምራለች። የሚተካው ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እያለ ነው የሚበላሸው፤ አንዴ ከበቀለ በኋላ ውሃ ቢቀየር አይመለስም።

የከብት አጥንት ተቃጥሎ የሚገኝ ከሰል ፍሎራይድን ይይዛል። ይህንን ለእናቴ ስነግራት «ማን ያረደው ከብት ነው?» አለችኝ። የትኛውም ፈተና ላይ እንዲህ የጨነቀኝ ጥያቄ የለም። ኡስታዝ ዘንድ ወሰድኩት። ረጅም ማብራሪያ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን «በዐረፋ ስንት ቤት ያርዳል? የራሳችሁን አጥንት ሰብስቡ» ብለው ወደ ኪታባቸው ተመለሱ።

አሁን የቀረኝ ምድጃው ነው። አጥንቱ በልኩ ካልተቃጠለ ውሃውን ያሸተዋል፤ ያኔ እናቴ በአንድ ጉንጭ ትደፋዋለች። እህቴ አጥንት የምሰበስበው እኔ ነኝ ብላ ከአሁኑ ማዳበሪያ ደብቃለች።