የግራኝ ድንጋይን ማን ተከለው?

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ በሶዶ ምድር፣ ጢያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በመስኩ ላይ ብዙ ድንጋዮች ቆመዋል። ትክል ድንጋይ ይባላሉ።

አንድ እሑድ ከተማሪዎቻችን ጋር ልናያቸው ሄድን። አንዳንዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። አንዳንዱ ዘመም ብሏል። ድንጋዮቹ 36 ናቸው። በ32ቱ ላይ ቅርጽ አለ። ጎራዴ አለ፤ ክብ አለ፤ ቅጠል የሚመስልም አለ።

አብረውን የመጡ አንድ አዛውንት፣ «ይህ እኮ የግራኝ ድንጋይ ነው። የተከለው እሱ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው» አሉን።

ከተማሪዎቻችን አንዷ እናት፣ «አባባ፣ ሲተክል ያየው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ሳቅን። አዛውንቱም ሳቁ። ጥያቄው ግን ቁም ነገር ነበር።

እስቲ እናስብ። ግራኝ አህመድ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1543 በጦርነት ሞተ። አጥኚዎች ጢያን ሲቆፍሩ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር አገኙ። ሟቾቹ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ በማኅፀን እንዳለ ሕፃን ሆነው ተቀብረዋል። መቃብሮቹ ግራኝ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማሉ። እንግዲህ ተካዩ ግራኝ አይደለም።

ታዲያ ስሙ ከየት መጣ? የግራኝ ጦርነት አገሩን ሁሉ ያናወጠ ነበር። ስሙም በሕዝብ አፍ ቀረ። የጠራቢዎቹ ስም ግን ተረሳ። ሰው ደግሞ ባለቤቱ ያልታወቀ ትልቅ ነገር ሲያይ፣ የሚያውቀውን ትልቅ ስም ይሰጠዋል። በድንጋዩ ላይ ጎራዴ መኖሩም ወሬውን ሳያጠናክረው አልቀረም።

አዛውንቱ ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያስ የሌላውን ሰው ድካም ለግራኝ ሰጥተን ኖረናል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ድንጋዩን ፈልፍሎ፣ ጠርቦ፣ አጓጉዞ ያቆመው የዚያ ዘመን ሠራተኛ ሕዝብ ነው። ምልክቱን ተወልን። ስሙን ግን የጻፈለት አልነበረም።

ቢሆንም ተረቱን አንጣለው። ተረቱ ስለ ተካዮቹ ባይነግረንም፣ ስም ስላወጡት ሰዎች፣ ምን እንደ ፈሩና ምን እንዳልረሱ ይነግረናል። የድንጋዩን ዕድሜ ግን ከመቃብሩ እንጠይቅ። ጢያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ድንጋዮቹን ከብት እንዳይታከክባቸው፣ ልጅ እንዳይፍቃቸው እንጠብቅ።

እናንተስ? በመንደራችሁ ስሙ የሚያስገርም ድንጋይ፣ ዋሻ ወይም ጉብታ አለ? ሽማግሌዎችን ጠይቁ። የነገሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉት።