ነረቫርን ማን ገደለው?

አማልክትን መፍጠር የጥንት ሰዎች ሥራ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ግሪኮች በኦሊምፖስ ተራራ ላይ ያስቀመጧቸው፣ ግብፆችም በዓባይ ዳር ቤተ መቅደስ ያቆሙላቸው አማልክት ዛሬ የሚገኙት በአብዛኛው በቤተ መዘክርና በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ በእኛ ዘመንም አዳዲስ አማልክት የሚወለዱበት አንድ ሥፍራ አለ፤ እርሱም የጨዋታ ጠረጴዛና የኮምፒዩተር መስኮት ነው። ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ የልጆች ጨዋታ መስሎ ቢታየው አልፈርድበትም። እኔ ግን የታሪክ መምህር እንደ መሆኔ መጠን፣ ከእነዚህ የፈጠራ አማልክት መካከል ሦስቱ ስለ ምስክርነትና ስለ እውነት ብዙ ጥያቄ ስላስነሡብኝ ጥቂት ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ ወታደር፣ አንዱ ጠንቋይ፣ አንዱ ሌባ እየሆነ በቃል የሚጫወቱት ጨዋታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ታትሞ ወጣ። ስሙ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሲሆን ደራሲዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። ሁለት ዓመት ቈይቶ በ1976 ዓ.ም. አማልክትን የሚዘረዝር ተጨማሪ መጽሐፍ ወጣለት። ይህ መጽሐፍ የግሪኩን ዜውስና የሰሜን ሰዎችን ኦዲን እንደ ማንኛውም ተዋጊ ቈጥሮ፣ ምን ያህል ቢመቱ እንደሚሞቱ በቁጥር ጽፎላቸዋል። ቁጥር የተሰጠው አምላክ እንግዲህ የሚገደል አምላክ ነው።

ግሬግ ስታፎርድ የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ደግሞ የተለየ መንገድ ያዘ። ግሎራንታ ብሎ የሰየመውን የፈጠራ ዓለም በ1975 ዓ.ም. በሰሌዳ ጨዋታ መልክ አሳተመ፤ በ1978 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ዓለም የሚካሄደው «ሩንክዌስት» ወጣ። በስታፎርድ ዓለም አማልክት የየሕዝቡ ልማድና ሕግ ምንጮች ናቸው፤ አንዱ ሕዝብ ጀግና የሚለውን አምላክ ጎረቤቱ ሽፍታ ይለዋል። የሁለቱም ካህናት ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ አንዳቸውም ግን የሌላውን ተረክ አይቀበሉም።

እኔ የምነግራችሁ ታሪክ ከዚህ ሁለተኛ መንገድ የተወለደ ነው። «ሞሮዊንድ» የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካው ቤተስዳ ኩባንያ ታትሞ ወጣ፤ «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» ለተባለው ተከታታይ ጨዋታ ሦስተኛው መሆኑ ነው። የንድፉ መሪ ኬን ሮልስተን ቀድሞ በ«ሩንክዌስት» መጻሕፍት ላይ የሠራ ሰው ነበር። ጨዋታውን ያየሁት የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቼ አንዱ ባመጣው አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ አዲስ ጨዋታ የሚሸከም ስላልነበረ በግድ አሮጌውን ወደድን።

ጨዋታው የሚጀምረው በጀግንነት አይደለም። ተጫዋቹ እስረኛ ሆኖ በመርከብ ይመጣና በቀጥታ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይገባል፤ የሕዝብ ቈጠራና የቀረጥ መሥሪያ ቤት ነው። እዚያም አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ ስሙን፣ ዘሩንና የተወለደበትን ኮከብ ይመዘግባል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባቢዎቼ በዚህ ሳትደሰቱ አትቀሩም፤ በዚያ አገር ማንኛውም ትንቢት ከመፈጸሙ በፊት ፋይል ይከፈትለታል!

አገሪቱን የሚገዙት አልማሌክሲያ፣ ሶታ ሲልና ቪቬክ የሚባሉ ሦስት ሕያዋን አማልክት ናቸው። ቀድሞ ሰዎች ነበሩ፤ ነረቫር የተባለው የጦር መሪ አማካሪዎች ነበሩ፤ አልማሌክሲያም ሚስቱ ነበረች። ነረቫር ድዌመር ከተባሉት ሕዝቦች ጋር በቀይ ተራራ ተዋጋ። ድዌመሮች በተራራው ሥር የአንድ የሞተ አምላክ ልብ አግኝተው፣ በልዩ መሣሪያ ኃይሉን እየቀዱ አዲስ አምላክ ሊሠሩ ይጣጣሩ ነበር። በጦርነቱ ፍጻሜ ድዌመሮች በቅጽበት ከምድር ገጽ ጠፉ። ነረቫርም ሞተ። ከዚያ በኋላ ሦስቱ አማካሪዎች አማልክት ሆነው ተገኙ።

ነረቫር እንዴት ሞተ? የሦስቱ አማልክት ቤተ መቅደስ በጦርነት በደረሰበት ቍስል ሞተ ብሎ ያስተምራል፤ ቅዱስ ብሎም ሰይሞታል፤ በስሙ ይጸለያል። በአመድ ምድር የሚኖሩት ዘላኖች ግን ከነረቫር ጋሻ ጃግሬ ከአላንድሮ ሱል የሰማነው ነው ብለው ሌላ ይናገራሉ። እንደ እነርሱ አባባል ሦስቱ አማካሪዎች መሣሪያውን ለራሳቸው ለማድረግ ሲሉ ነረቫርን በጸሎት ሥርዓት ላይ ሳለ ገደሉት፤ አልማሌክሲያ በተመረዘ ሻማ፣ ሶታ ሲል በተመረዘ ልብስ፣ ቪቬክም በተመረዘ ጸሎት። የንጋትና የምሽት እመቤት የምትባለው አዙራ በዚህ ተቈጥታ የሕዝቡን ሁሉ ቆዳ እንደ አመድ አጠቆረችው፤ ዓይኑንም እንደ ፍም አቀላችው ይላሉ። ቪቬክ ደግሞ ሦስተኛ ቃል አለው፤ መሣሪያውን ላለመንካት የገባነውን መሐላ አፍርሰናል ይላል፤ በጓደኛችን ሞት ግን እጃችን የለበትም ይላል።

ተጫዋቹ ይህን ሁሉ የሚያገኘው ከተለያዩ ሰዎች አፍና በየመደርደሪያው ከሚነበቡ መጻሕፍት ነው። ከሁሉም በላይ ሆኖ «እውነቱ ይህ ነው» የሚል ተራኪ የለም። እያንዳንዱ ቃል ተናጋሪ አለው፤ እያንዳንዱ ተናጋሪም ጥቅም ወይም ቂም አለው።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ የሚገርመው ማይክል ኪርክብራይድ የጻፈው ሠላሳ ስድስቱ የቪቬክ ትምህርቶች የሚባለው ነው። ሲያነቡት ሥውር ምሳሌና እንቆቅልሽ የበዛበት የአምላክ ውዳሴ ነው። በሃያ ዘጠነኛው ትምህርት ውስጥ ግን ቁጥሮች ተዘርዝረዋል። አንባቢው በቁጥሮቹ እየተመራ ከየትምህርቱ አንዳንድ ቃል ቢለቅም፣ ቃላቱ ተገጣጥመው ኑዛዜ ይሆናሉ፦ ቪቬክ አምላክ ሆኖ እንዳልተወለደ፣ ዕጣው እንዳላስገደደው፣ በገዛ ፈቃዱ አምላክነትን እንደ ሰረቀና መሪውን እንደ ገደለ ይናገራሉ። ከጓደኞቻችን አንዱ ዲያቆን ነበርና ይህን ባሳየነው ጊዜ ሳቀ። «ሰሙ ውዳሴ፣ ወርቁ ኑዛዜ!» አለ። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሁለት ጊዜ አይነገረውም።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በክፍላችን ክርክር ተነሣ። ኮምፒዩተሩን ያመጣው ልጅ ሕግ ተማሪ ነበር፤ «ተከሳሹ ራሱ አምኗል፤ ምን ቀረ?» አለ። ሌላው «የአላንድሮ ሱልም ቃል ለብዙ ሺህ ዓመት ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረ የተሸናፊ ወገን ቃል ነው፤ ቂም አለበት» ሲል መለሰ። አራተኛው ጓደኛችን ግን ትራሱን እያስተካከለ «ሁላችሁም ትደክማላችሁ፤ የሁሉም ቃል እኩል ነው፤ እውነት የሚባል ነገር የለም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይህ የመጨረሻው ቃል ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

የሚከነክነኝም ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ ይህንኑ ቃል ከተማሪዎቼ አፍ ደጋግሜ ስለ ሰማሁት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. ስለ ተፈረመው የውጫሌ ውል ሳስተምር፣ የ17ኛውን አንቀጽ የአማርኛና የኢጣሊያንኛ ቃል አስተያያለሁ። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት መገልገል ይችላሉ ሲል፣ ኢጣሊያንኛው ነገሩን ግዴታ አድርጎታል። አንድ ቀን አንድ ጎበዝ ተማሪ ተነሣና «መምህር፣ እንግዲያውስ ታሪክ ሁሉ ተረት ነዋ! ሁሉም ለራሱ የሚስማማውን ይጽፋል፤ እኛም ያሸነፈውን እናነባለን» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ብሎ መልሴን ጠበቀ።

ልጁ የሚናቅ ነገር አልተናገረም። አስቀድሞ መጽሐፍ የተባለውን ሁሉ ያምን ነበር፤ መጻሕፍት እንደሚጣሉ ባየ ጊዜ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ጣለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ነገር ግን የያዘውን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚለቅም ከሞኙ ብዙ አልራቀም። ሁለቱም ከመመርመር ድካም ይድናሉና።

እኔም ስለ ነረቫር ነገርኋቸው። ምስክሮች ተለያዩ ማለት የሞተ ሰው የለም ማለት አይደለም አልሁ። ነረቫር ወይ በቍስሉ ሞቷል፣ ወይ በወዳጆቹ እጅ ተገድሏል፤ ሁለቱም ባንድነት ሊሆኑ አይችሉም። በፍርድ ቤት ምስክሮች ቢለያዩ ዳኛው መዝገቡን አጥፎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ይህ ምስክር በሥፍራው ነበረ ወይ? ከቃሉ ምን ያተርፋል? ቃሉ ራሱን የሚጎዳው ከሆነስ ስለ ምን ተናገረው? እያለ ይጠይቃል። ቪቬክ በአደባባይ ያስተማረው ያከበረዋል፤ በምሥጢር የቀበረው ኑዛዜ ግን ያጠፋዋል። ሰው ዙፋኑን የሚያፈርስበትን ቃል በከንቱ አይጽፍምና፣ እኔ ሚዛኑን ወደዚያ አዘነብላለሁ። ውጫሌንም በዚሁ መንገድ ብንመረምር ሁለቱ ጽሑፎች እኩል ሆነው አይቀሩም፤ ማን ምን እንዳወቀና ማን ምን እንደ ተጠቀመ ይታያል።

በጨዋታው ውስጥ ሌላም የማልረሳው ነገር አለ። የቪቬክ ከተማ በላይዋ አየር ላይ የተንጠለጠለ ታላቅ ድንጋይ አለ። ካህናቱ ውስጡን ፈልፍለው ከቤተ መቅደሱ ትምህርት የወጡትን የሚያስሩበት ወህኒ ቤት አድርገውታል፤ ስሙም የእውነት ሚኒስቴር ነው። ይኸው ቤተ መቅደስ ግን ትምህርቱን የሚቃወሙትን ጽሑፎች ሁሉ አላቃጠላቸውም፤ ከሕዝብ ሰውሮ ለጥቂት ካህናት ብቻ በተፈቀደ መዝገብ ቤት አኖራቸው። በኋላ የተቃወሙት ካህናት እውነቱን ለመፈለግ መነሻ ያደረጉት እነዚሁኑ ጽሑፎች ነው። በመዝገብ ቤት የምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ይህን ልብ በሉልኝ። የማትስማሙበትን ወረቀት በሥርዓት ማስቀመጥ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ሆኖም አለቆች የካዱትን ነገር የልጅ ልጅ የሚያገኘው በዚያ ነው።

የጨዋታው ፍጻሜም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ተጫዋቹ ዳግመኛ የተወለደው ነረቫር ነህ ይባላል። እውነት ነረቫር መሆኑ ወይስ ትንቢቱን እንዲፈጽም በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የተላከ ሰው መሆኑ እስከ መጨረሻው ያከራክራል። የሞተውን አምላክ ልብ ኃይል በፈታ ጊዜ ግን የሦስቱ አማልክትም አምላክነት አብሮ ያከትማል። ኃይላቸው ከተሰረቀ ዕቃ የመጣ ነበርና ዕቃው ሲጠፋ የሚቀራቸው የለም።

አንድ ዘመዴ የሆኑ ቄስ ይህን ነገር ለተማሪ መንገሬን ሰምተው «ልጄ፣ ጣዖት ለልጆች ይነገራል እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። ታሪኩን እስከ ፍጻሜው ካስረዳኋቸው በኋላ ጥቂት አሰቡና «ሰው ሰውን ገድሎ አምላክ ነኝ ቢል መጨረሻው ይኸው ነው ብለህ ካስተማርህስ ክፉ አይደለም። ልጆቹ ጨዋታ መሆኑን አይርሱ እንጂ» አሉኝ። ትክክል ብለዋል። ማንም ተማሪ ለአዙራ ሲሰግድ አላየሁም፤ አንድ መጽሐፍ ሲያነብ «ይህን ማን ጻፈው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ግን አይቻለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን። ንጋት ሰው ተኝቶም ቢሆን ይመጣል፤ እውነት ግን የሚቀሰቅሰው ሰው ይፈልጋል። የሞተው ሰው ተነሥቶ ለራሱ መመስከር አይችልም። ስለዚህ ምስክሮች በተጣሉ ቁጥር «ሁሉም ውሸት ነው» ብለን ብንነሣ የምንጠቅመው ገዳዩን ብቻ ነው፤ ገዳይ ከዚህ የተሻለ ጠበቃ አያገኝምና።