በኩልፎ ወንዝ አፍ ሦስት ቀን

ወታደር የዕረፍት ፈቃድ ሲያገኝ ወይ የተጠራቀመ የእንቅልፍ ዕዳውን ይከፍላል፤ ወይ ለባለቤቱ ገብቶት የቆየውን ቃል ይፈጽማል። እኛ፣ ማለትም አንድ መቶ አለቃና አንድ ሃምሳ አለቃ፣ ሁለቱን ባንድነት እንፈጽማለን ብለን ከባለቤቶቻችን ጋር ወደ አርባ ምንጭ የወረድነው ባለፈው በጋ ነበር። ቃላችንን ፈጽመናል። እንቅልፉ ግን አልተሳካም፤ ምክንያቱንም እነሆ እናወጋችኋለን።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አርባ ምንጭ የሚደርስ መንገደኛ ድካሙን የሚረሳው ሴቻ ከተባለው የከተማው ከፍተኛ ክፍል ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት ነው። በስተሰሜን የዓባያ ሐይቅ የሸክላ አፈር እንደ ተበጠበጠበት ሁሉ ቀልቶ ይታያል። በስተደቡብ ደግሞ ጫሞ ወደ ሰማያዊነት አዘንብሎ ይተኛል። ሁለቱን የሚለያቸው ሕዝቡ «የእግዜር ድልድይ» ብሎ የሰየመው ኮረብታማ መሬት ሲሆን፣ ከሥሩ ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ለከተማይቱ ስም የሰጧት ምንጮች ይፈልቃሉ። ከማዶ ያለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክም በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው።

ያረፍነው ሲቀላ በተባለው በታችኛው ከተማ፣ በሃምሳ አለቃው ባለቤት አክስት ቤት ነው። እትዬ እግራችንን አስታጥበው፣ ቡና አፍልተው ሲያበቁ፣ «ለመሆኑ ለምን መጣችሁ?» ብለው ጠየቁን። «ዓሣ ልናጠምድ» አልናቸው። «ዓሣ ከገበያ ይገዛ የለም ወይ?» አሉን። ባለቤቶቻችን ተያይተው ሳቁ። እኛም ሥራችን ይመሰክራል ብለን ዝም አልን።

ዓሣው ከየት መጣ?

በጫሞ የምንፈልገው የአካባቢው ሰው ነጭ ዓሣ የሚለውን፣ በውጭ አገር ናይል ፐርች ተብሎ የሚታወቀውን ትልቅ አዳኝ ዓሣ ነበር። በስሙ እንደ ተመለከተው ይህ ዓሣ የዓባይ ወንዝ ተፋሰስ ተወላጅ ነው። ታዲያ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለ ሐይቅ ምን ያደርጋል? ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት፣ በጥንት ዘመን ዝናብ በበዛ ጊዜ ዓባያ ሞልቶ ወደ ጫሞ፣ ጫሞም ሞልቶ በሰገን ወንዝ በኩል ወደ ጨው ባሕር ይፈስ ነበር፤ ያም ውኃ ከቱርካና ሐይቅ ጋር፣ ቱርካናም ከዓባይ ጋር የተገናኙበት ጊዜ ነበር። ውኃው ሲሸሽ ዓሦቹ እዚሁ ቀሩ። ይኸው ዓሣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰው እጅ ተወስዶ በገባበት በቪክቶሪያ ሐይቅ የአገሩን ትናንሽ ዓሦች ክፉኛ አጥፍቷል። በጫሞ ግን ባለአገር ነውና ከቆሮሶው፣ ከአምባዛውና ጥርሱ እንደ መርፌ ከሾለው ታይገር ፊሽ ጋር አብሮ ኖሯል።

ከወንዞቹ መካከል ኩልፎን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኩልፎ ከጋሞ ተራሮች ወርዶ፣ የአርባ ምንጭን ከተማ አቋርጦ፣ ጫሞ ላይ ሲደርስ ያመጣውን ደለል ይዘረግፋል። በዚያ ሥፍራ ውኃው ከወገብ እስከ አንገት ቢደርስ ነው። የወንዙ ቡናማ ውኃና የሐይቁ ጥርት ያለ ውኃ እንደ ሁለት ጨርቅ ተሰፍተው የሚታዩበት መሥመር አለ። ወንዙ የሚያወርደውን ምግብ ፍለጋ ትናንሾቹ ዓሦች ይሰበሰባሉ፤ ትናንሾቹን ፍለጋ ደግሞ ትልልቆቹ ይመጣሉ። ችግሩ አዞም ይህንኑ ሒሳብ ማወቁ ነው። በዚያው አቅራቢያ ያለው የአሸዋ ዳርቻ «የአዞ ገበያ» የተባለው በከንቱ አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን፤ ሽንፈት

ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቀን፣ ከፓርኩ ክልልና ከአዞዎቹ ማረፊያ ርቀን እንድናጠምድ ተነግሮን፣ ጀልባ ተከራየን። ባለጀልባው በሐይቁ ላይ ያረጁ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ የጋሞ ሽማግሌ ናቸው። እኛም «ጋሼ» እንላቸው ነበር።

ሃምሳ አለቃው አንዲት የምታብረቀርቅ የብረት ማንኪያ መሳይ ማጥመጃ ይዞ ነበር። ምግብ የማይሰካባት፣ ውኃ ውስጥ ስትጎተት ግን እየተወዛወዘች የቆሰለ ትንሽ ዓሣ የምትመስል ናት። ይህችን ማጥመጃ ሰላም ለማስከበር ወደ ውጭ ዘምቶ የነበረ የቅርብ ጓደኛው ሲመለስ አምጥቶ ሰጥቶት ነበር። ያ ጓደኛው ዛሬ በሕይወት የለም። ስለዚህ ሃምሳ አለቃው ማንኪያዋን በመሐረብ ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ ነበር የሚያኖራት።

በዚያ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወረወርን፤ ሳብን፤ ወረወርን፤ ሳብን። ያወጣነው ሣርና ጭቃ ብቻ ነው። ጋሼ ሲመለከቱን ውለው፣ ወደ መሬት ስንመለስ፣ «መቶ አለቃ፣ እናንተ በጥይት ነው የምታጠምዱት?» አሉን። አባባላቸው ስለከነከነን ስህተታችንን አንድ በአንድ እንዲነግሩን ለመንናቸው። የነገሩንንም ከዚህ በታች እናሰፍራለን፤ ለሌላው ይጠቅማልና።

አንደኛ፣ ሰዓት። ነጭ ዓሣ በጠራራ ፀሐይ አይደክምም። ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ጥልቀት የለሹ ውኃ ይጠጋል። እኛ የወጣነው እሱ ባረፈበት ሰዓት ነበር።

ሁለተኛ፣ ድምፅ። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የጀልባ ወለል ላይ የሚረገጥ ጫማ ከበሮ ነው። ሞተሩ ከሩቅ ጠፍቶ በቀዘፋ ብቻ መጠጋት፣ ተቀምጦም መወርወር ያሻል።

ሦስተኛ፣ ሥፍራ። ነጭ ዓሣ እንደ ማንኛውም ደፈጣ አዋቂ ከጨለማው ሆኖ ብርሃኑን ይመለከታል። ከድፍርሱ ውኃ ጫፍ ተደብቆ በጥርቱ የሚያልፈውን ይጠብቃል። ስለዚህ ማጥመጃው ወደ ድፍርሱ ተወርውሮ መሥመሩን አቋርጦ ወደ ጥርቱ መውጣት አለበት። በድፍርሱ ውስጥ ዓሣው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጎኑ ባለው መሥመር የውኃውን ንዝረት ያዳምጣል፤ በመሆኑም በዝግታ የሚወዛወዝ ነገር ከሚያብረቀርቅ ነገር ይልቅ ይጠራዋል።

አራተኛ፣ ክብደትና ፍጥነት። ከባድ ብረት በዚያ ውኃ ውስጥ ወዲያው ጭቃ ይነክሳል። ላለማስነከስ ብለን ስንፈጥን ደግሞ ከዓሣው አመለጥን። መድኃኒቱ ቀለል ያለ ማጥመጃ ይዞ፣ የዘንጉን ጫፍ ከፍ አድርጎ፣ በቀስታ መሳብ ነው። ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልሎ ማቆም፤ እንደገና መሳብ። ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሰው ባቆምንበት ቅጽበት ነው።

አምስተኛ፣ መንጠቆ። የነጭ ዓሣ አፍ አጥንት ነው። መንጠቆው ጥፍር ላይ ሲያስነኩት የሚንሸራተት ከሆነ ደንዟልና በሞረድ መሳል አለበት። ክሩም ሲቋጠር ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይራስ፤ ደረቅ ቋጠሮ ራሱን አቃጥሎ ይበጠሳልና።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ያገራችን ሰው። በዚያ ምሽት እኛም አንገታችንን ደፍተን ሽሮ በላን።

ሁለተኛው ቀን፤ ጉቶው

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ወጣን። ባለቤቶቻችንም፣ «ትናንት ያላጠመዳችሁትን ዓሣ በዓይናችን እንይ» ብለው ተከትለውን ነበር። ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው በቀስታ እየቀዘፉ መሥመሩ ላይ አደረሱን። ሃምሳ አለቃው ተቀምጦ ወረወረ፤ እንደ ተማረውም በዝግታ ሳበ። በአራተኛው ውርወራ ግን ማንኪያዋ ውኃ ውስጥ ከሰጠመ ጉቶ ላይ ተሰካች። በግራ ቢስብ፣ በቀኝ ቢስብ እንቢ አለች።

ጉቶው ከጀልባው አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። ጀልባዋ እንዳትጠጋ ደለሉ ያዛት። ውኃው ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። ሃምሳ አለቃው ዘንጉን አስቀመጠና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። እኛ የሚያደርገውን ስናይ ያሰበው አልመሰለንም ነበር። አንድ እግሩን ከጀልባዋ አውጥቶ ውኃውን ሲነካ ነው ጋሼ ተስፈንጥረው ቀበቶውን የጨበጡት።

«ልጄ፣ ወዴት ነው?»

«ቅርብ ነው ጋሼ፤ ይቺን ማንኪያ ጥዬ አልሄድም።»

ጋሼ ቀበቶውን ሳይለቁ በአገጫቸው ወደ ሸምበቆው አመለከቱ። እዚያ ከደረስን ጀምሮ ስናየው የነበረ አንድ ግንድ ነበር። አሁን ስንመለከት ግንዱ የለም። ማዕበል አልነበረም፤ ነፋስም አልነበረም፤ ግንዱ ብቻ አልነበረም።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ሃምሳ አለቃው እግሩን መለሰ፤ ነገር ግን ክሩን በእጁ እንደ ጠመጠመ ዓይኑን ከጉቶው ላይ አልነቀለም። በመጨረሻ ባለቤቱ ከኋላው ሆና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «እሱ የሰጠህ እንድታጠምድበት ነው እንጂ እንድትከተለው አይደለም» አለችው። ቢላዋውንም ከቅርጫቷ አውጥታ አቀበለችው። እሱም ክሩን ራሱ ቆረጠ።

እኛ በሥራችን ላይ ብዙ ትእዛዝ ሰምተናል፤ ያን ያህል አጭርና ያን ያህል ትክክል የሆነ ግን ጥቂት ነው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት በልጅነታችን ስንሰማ እንደ ቀልድ ነበር የምናየው። ስለሆነም ወደ አዞ ውኃ የሚሄድ ሁሉ ይህን ይያዝ፦ ለተሰካ ማጥመጃ ውኃ ውስጥ አይገባም፤ ከዳርቻውም ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ዓሣም በውኃው ጠርዝ ላይ ተቀዶ አይታጠብም፤ ሽታው አዞን ይጠራልና።

ሦስተኛው ቀን፤ የእትዬ ማንኪያ

ያን ምሽት ሃምሳ አለቃው ብዙም አልተጫወተም። እትዬ ነገሩን ከባለቤቱ ሰምተው ኖሮ፣ ወደ ጓዳ ገብተው አንዲት የሻይ ማንኪያ ይዘው ወጡና ከፊቱ አስቀመጡለት። «ማንኪያ ከሆነ የጠፋብህ፣ ይኸው» አሉት። መጀመሪያ ሳቅን። ኋላ ግን ማንኪያዋን አገላብጠን ስናያት ሳቃችንን አቆምን፤ ከጠፋችው ቀለል ትላለችና።

ሲቀላ ገበያ አጠገብ ያለ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ እጀታዋን ቆርጦ፣ በሁለቱ ጫፍ ቀዳዳ አበጀላት። በአንዱ ቀዳዳ መንጠቆ፣ በሌላው ቀጭን ሽቦ አሰርንባት፤ ሽቦው ባለጥርሱ ዓሣ ክሩን እንዳይቆርጥ ነው። ሦስት ጣት ካለው መንጠቆ ይልቅ ባለ አንዱን መረጥን፤ ጉቶና ሣር ብዙ አይዝም፤ የሚለቀቅ ዓሣንም አያቆስልም።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ በዚያው መሥመር ተቀመጥን። ዘንጉን የያዘችው የሃምሳ አለቃው ባለቤት ነበረች። እሱ ነው «አንቺ ሞክሪው» ያላት። ወረወረች፤ ሁለት ዙር ጠቀለለች፤ እንጀራ እስኪበስል እንደምትጠብቅ ሴት ረጋ ብላ አቆመች፤ እንደገና ጠቀለለች። እኛ ወንዶቹ በዚያ ዝግታ ትዕግሥታችን ሊያልቅ ነበር። በስንተኛው ውርወራ እንደሆነ እንጃ፣ ባቆመችበት ቅጽበት ዘንጉ ጎበጠ። ዓሣው ከውኃው ወጥቶ ራሱን እያናወጠ የብር መስታወት መስሎ ታየ። «ጫፉን ዝቅ፣ እህቴ! ክሩ አይርገብ!» አሉ ጋሼ። እንዳሏት አደረገች። ከብዙ ትግል በኋላ ጋሼ በመረብ አንሥተው ጀልባዋ ውስጥ አስገቡት። ስምንት ኪሎ ያህል ነበር። በዘሩ ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ስለሚገኝበት ይህ ገና ጎረምሳ ነው፤ ለእኛ ግን በቂ ነበር። ቀጥሎ የተያዘውን ትንሽ ዓሣ እጃችንን አርሰን መንጠቆውን ነቅለን ለቀቅነው።

የለቀቅነው ጋሼ ስላዘዙን ነው። እንደ ነገሩን፣ በወጣትነታቸው ዘመን የነበረው ነጭ ዓሣ ዛሬ በጫሞ የለም። ዓይኑ የጠበበ መረብ በዝቷል፤ ገና ያልወለደውም አብሮ ይወጣል። ከተራራው የሚታጠበው አፈርም የወንዙን አፍ ይደፍናል። «እኛ በላነው፤ ልጆቻችን በሥዕል ሊያዩት ነው» አሉ። ለዚህ ንግግራቸው የምንሰጠው መልስ አልነበረንም።

ዓሣውን ከዳርቻው ርቀን ቀድደን፣ በአርባ ምንጭ ሙቀት እንዳይበላሽ በራሰ የኮባ ቅጠል ጠቅልለን፣ ከረፋዱ በፊት ከቤት አደረስነው። ባለቤቶቻችን ግማሹን በሎሚና በነጭ ሽንኩርት አሽተው ጠበሱት፤ ከግማሹ ከጭንቅላቱ ጋር ቀይ ወጥ ሠሩ። ወጡ ላይ ዓሣው መጨረሻ ላይ መግባቱንና አንዴ ከገባ በኋላ አለመማሰሉን ልብ ይሏል፤ አለዚያ ይፈራርሳል። ጋሼም ተጋብዘው መጥተው ከእኛ ጋር በሉ።

ስንሰናበት ለእትዬ የማንኪያዋን ዋጋ ልንሰጣቸው እጃችንን ወደ ኪሳችን ሰደድን። ከስድስቱ የሻይ ማንኪያዎቻቸው አምስት ብቻ መቅረታቸውን አይተን ነበርና። እሳቸው ግን እጃችንን መለሱት። ሃምሳ አለቃው ማንኪያዋን በዚያው በቀድሞው መሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ሲያስገባት ዝም ብለው ተመለከቱትና፣ «በደህና ይዘሃት ተመለስ። እኔ የማስባት ለማንኪያዋ አይደለም» አሉት።

እነሆ፣ ውድ አንባብያን፣ በሦስት ቀን የዕረፍት ፈቃድ ያገኘነው ይህንኑ ነው። የሚቀጥለውን ፈቃድ ስናገኝ ወደዚያው ልንመለስ ተነጋግረናል። ዘንጉን ማን እንደሚይዝ ግን ከወዲሁ ተወስኗል።