ዓይኖች

አባቴ ሕንድኛ አያውቅም ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ግን፣ ዶሮ ማነቂያ በነበረው ቤታችን ደጃፍ ጺሙን እየተላጨ፣ አንድ የሕንድ ዘፈን ያንጎራጉራል። ቃላቱን እንደ መጣለት ያጣምማቸዋል፤ ዜማውን ግን አይስትም። እናቴ ከጓዳ ሆና ትስቃለች።

«አባዬ፣ ምን ማለት ነው?» ስለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ስለ ዓይኗ ነው። ዓይኗ እንቅልፍ ነሥቶት ነው የሚዘፍነው።» የፊልሙ ስም «ዓይኖች» ማለት መሆኑን ከሕንዳዊ መምህሩ ሰምቷል፤ የቀረው የራሱ ግምት ነው።

ፊልሙ «አንኬን» ነው፤ ራማናንድ ሳጋር ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1968 ለእይታ የበቃ የስለላ ታሪክ። ዳርሜንድራ ወደ ቤይሩት የተላከውን ሰላይ፣ ማላ ሲንሃ አፍቃሪውን ሆነው ይሠሩበታል። አባቴ ያየው ፒያሳ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ ነበር። ታሪኩን ተርክልኝ ስለው ጠላት ማን እንደ ነበር እንኳ አያስታውስም፤ «አክተሩ አይሞትም» ብሎ ያልፈዋል።

ካረፈ በኋላ አንድ ምሽት ዘፈኑን ፈልጌ ከነትርጉሙ አገኘሁት። ሙዚቃው የራቪ፣ ድምፁ የመሐመድ ራፊ ነው። በፊልሙ ውስጥ ላታ ማንጌሽካር ያዜመቻቸው የፍቅር ዘፈኖች ነበሩ፤ የአባቴ ዘፈን ግን ከእነርሱ አንዱ አልነበረም። የእርሱ ዘፈን የሚያወድሰው የአገርን ድንበር የሚጠብቁ ዓይኖችን ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው የኖረችው የፍቅር እንጉርጉሮ የዘበኛ መዝሙር ሆኖ አረፈው! ደነገጥሁ፤ ቀጥሎም ብቻዬን ሳቅሁ።

ግጥሙን የጻፈው ሳሂር ሉዲያንቪ ነው። ሉዲያና ተወልዶ ላሆር የኖረ፣ ሕንድና ፓኪስታን በ1947 ከተከፈሉ በኋላ በ1949 ላሆርን ትቶ ወደ ሕንድ የተሻገረ ባለቅኔ። ሳጋርም በላሆር አቅራቢያ ተወልዶ በዚያው ክፍፍል የተሰደደ ሰው ነበር። ድንበር ከቤታቸው የለያቸው ሁለት ሰዎች ስለ ድንበር ጠባቂ ሲያዜሙ ዓይናቸው ወዴት ያይ ነበር? ይህን ካወቅሁ ወዲህ መዝሙሩ ለጆሮዬ የዘበኛ ብቻ አልሆነም፤ ናፍቆትም አለበት። አባቴ ሰሙን ሳያውቅ ወርቁን ለራሱ አበጅቶ ነበር፤ ምናልባት ብዙም አልራቀም። አፍቃሪም ዘበኛም ያው እንቅልፍ የለውም።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ያ ደጃፍም አብሮ ሄደ። እናቴ አሁን ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃት ሄጄ ከደረጃው ላይ ድምፅዋን ሰማሁ፤ ቡና እየለቀመች ያንኑ ዜማ፣ አባቴ ባጣመማቸው ቃላት ሳይቀር፣ ታንጎራጉራለች።

«እማዬ፣ ምን ማለት ነው?» አልኋት፣ እንደማያውቅ ሰው።

«አንተ ደግሞ! አባትህ ሲነግርህ አልሰማህም? ስለ ዓይኔ ነው እንጂ።»

«አዎ፣ ስለ ዓይንሽ ነው» አልኋት።