አንድ ኪስ፣ ሁለት ዓይን

«የትኛውን ካሜራ እንግዛ?» የሚል ጥያቄ ከእሑድ አምልኮ በኋላ ብዙ ጊዜ ይቀርብልናል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው። አንዳንዶቹ የልጆቻቸውን ዕድገት ለማስቀረት፣ ሌሎቹ ደግሞ እንደ እኔና እንደ ባለቤቴ በሠርግ ፎቶ ለመተዳደር ያስባሉ። ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለንም። እኛ ምን እንደምንመርጥና ለምን እንደምንመርጥ ግን በደስታ እናካፍላለን።

መስታወቱ ሲቀር ምን ተለወጠ?

በቀድሞው ዲኤስኤልአር ካሜራ ውስጥ በሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ዓይናችን የሚመልስ መስታወት አለ። ፎቶ ባነሳን ቁጥር መስታወቱ «ቀጭ» ብሎ ይነሳል። ሚረርለስ የሚባለው ካሜራ ይህ መስታወት የለውም። ሴንሰሩ የሚያየውን በመመልከቻው ውስጥ ባለች ትንሽ ስክሪን ያሳየናል። ሌንሱ የሚቀየርና በዚህ መንገድ የሚሠራ የመጀመሪያው ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓናሶኒክ ጂ1 ነው። በ2013 ሶኒ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ያለውን ኤ7 አወጣ፤ በ2018 ካኖንና ኒኮንም በዚሁ መጠን ተከተሉ።

ለእኔ ትልቁ ጥቅም የሚታየው በሙሽሪት ቬሎ ላይ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ነጭ ሲበዛበት ፎቶውን ያጨልማል። ያኔ ቬሎው ግራጫ ይሆናል፣ የሙሽሮቹ ጠይም ፊትም ይጠቁራል። በሚረርለስ ግን ውጤቱን ከማንሳቴ በፊት ስለማየው፣ በአውራ ጣቴ አስተካክዬ አነሳለሁ።

ሁለተኛው ጥቅም ዝምታ ነው። መጋቢው እጁን በሙሽሮቹ ላይ ጭኖ ሲጸልይ የካሜራ ድምፅ ከጀርባ ሲንጫጫ ማን ይወዳል? ድምፅ አልባው ሻተር ከዚህ ያሳርፈናል። ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ሻተሩ ሲፈጥን በፎቶው ላይ ጥቁር ሰንበር ይወጣል። ስለዚህ ፍጥነቱን 1/100 ወይም 1/50 ላይ አደርገዋለሁ። የመድረኩ ባለ ቀለም ኤልኢዲ መብራት ለዚህም እሺ ካላለኝ ዝምታውን ትቼ መዘምራኑ ሲዘምሩ በተለመደው ሻተር አነሳለሁ።

ቦዲው፦ አዲስነት ወይስ አስተማማኝነት?

እኔና ባለቤቴ የምንሠራበት ቦዲ በ2018 የወጣው ሶኒ ኤ7 ሦስተኛው ትውልድ ነው። ተተኪዎቹ ከወጡ ቆይተዋል። የመረጥነው ግን ሁለት ሜሞሪ ካርድ በአንድ ጊዜ ስለሚቀበል ነው። ሙሽሮቹ ቃል ኪዳናቸውን የሚገቡት አንድ ጊዜ ነው፤ ካርዱ ቢበላሽ «እስቲ ድገሙልን» ማለት አይቻልም። በዚያው ዓመት የወጡት ካኖን ኢኦኤስ አርና ኒኮን ዜድ 6 የሚቀበሉት አንድ አንድ ካርድ ብቻ ነበር። በ2020 የወጡት ካኖን አር 6ና ሁለተኛው ዜድ 6 ግን ሁለት ይቀበላሉ። በዚህ ሥራ ለመኖር ለሚያስብ ሰው ይህን ከሜጋፒክስል አስቀድሜ እመክራለሁ።

የካኖን ዲኤስኤልአር ሌንሶች በቤታችሁ ካሉ አትጣሏቸው። የድሮው ካሜራ ከሌንስ ማሰሪያው እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ነበረው፣ አዲሱ 20 ብቻ። በመካከል የሚገባው የካኖን አዳፕተር ክፍተቱን ይሞላል፣ ሌንሱም በራሱ ትኩረት መሥራቱን ይቀጥላል። ያገለገለ ቦዲ ስትገዙ ወይም ከውጭ በዘመድ ስታስመጡ ደግሞ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሌንሱ፦ እሱ 85፣ እኔ 35

ባለቤቴ 85 ሚሊ ሜትር ይወዳል። ከአዳራሹ ጥግ ቆሞ፣ ማንም ሳያየው፣ የአባትን ዓይን እንባ ሲሞላው ያነሳል። እኔ 35 እመርጣለሁ። ከሙሽሪት እናት አጠገብ ቆሜ እሷንም፣ እልል የሚሉትን እህቶችም፣ አዳራሹንም በአንድ ላይ ማስገባት እወዳለሁ። የእሱ ፎቶ ሰውን ለይቶ ያወጣል፣ የእኔ ከወገኑ ጋር ያስቀምጠዋል።

ሁለቱም ኤፍ 1.8 ድረስ ይከፈታሉ፣ ቀላልም ናቸው። ቦዲው 650 ግራም፣ የእኔ ሌንስ 280፣ የእሱ 371 ይመዝናል። ብዙ ባለሙያዎች የሚመኙት የሶኒው ባለ ዙም 24-70 ኤፍ 2.8፣ የመጀመሪያው ትውልድ፣ ብቻውን 886 ግራም ነው። መልካም ሌንስ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ በእጅ ይዞ ለሚውል ሰው ግን ይህ ልዩነት ትከሻ ላይ ይታወቃል።

አንድ የዕቁብ ገንዘብ

ባለፈው ዓመት ዕቁብ ሲደርሰን ባለቤቴ አዲስ ቦዲ ፈለገ፤ እኔ ይህን 35 ሌንስ። ገንዘቡ ለሁለቱም አይበቃም ነበር፣ የልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያም እየቀረበ ነበር። እሱ የአዲሱ ትኩረት ፈጣን ነው አለ፤ እውነቱን ነው። ከመከራከር ይልቅ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የስድስት ሠርግ ፎቶ ከፍተን የጣልናቸውን አንድ በአንድ አየን። ከትኩረት ስህተት የተነሳ የተበላሸ ጥቂት ነበር። የሚበዛው በጨለማ አዳራሽ፣ ከካሜራው ጋር በመጣው ባለ ዙም ሌንስ የተነሳና ሰው ሲንቀሳቀስ የደበዘዘ ነበር። ያ ሌንስ በ35 አካባቢ የሚከፈተው ኤፍ 4 ገደማ ነው። ኤፍ 1.8 ከእሱ ወደ 5 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ በ1/25 ሰከንድ ይነሳ የነበረው በ1/125 ይነሳል ማለት ነው።

ባለቤቴ ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲህ ሌንሱ ይቅደም» አለኝ። ያ ቃል ለእኔ ከሌንሱ በላይ ነበር። ሌንሱን ገዛን፣ ከቀረው የልጃችን ክፍያ ተከፈለ። ቀጣዩ ዕቁብ ደግሞ የእሱ ቦዲ እንዲሆን ተስማማን።

ውድ ባለትዳሮች፣ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት አብራችሁ ተቀመጡ። የምታነሱት ማንን ነው? በየትኛው ብርሃን? ከቅርብ ወይስ ከሩቅ? ያሏችሁን ፎቶዎች ዘርግታችሁ የጎደለውን ፈልጉ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። የምታነሱት ልጆቻችሁን ብቻ ከሆነ አነስ ያለ ሴንሰር ያለው ቦዲና አንድ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ይበቃል፤ በዚያ ሴንሰር ላይ ዕይታው ወደ 50 ይጠጋል፣ ለቤት ውስጥ ፎቶም ይመቻል። ምርጫችሁ ቢለያይ ደግሞ አትደንግጡ። የትናንቱ ሙሽሮች አልበማቸውን ሲገልጡ የእሱንም የእኔንም ፎቶ ያገኛሉ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ግን ጠይቀውን አያውቁም።